ከሟቹ ጄምስ ፍሌት ለወደቡ ቦርድ

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ኦብሪ ዊንስሎ
የፖርትስኬር ወደብ አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክቡራን የቦርድ አባላትና ለውድ ቤተሰብዎ ጤናን፣ ደረቅ ጫማን፣ እንዲሁም ከሰባቱ አባላት አራቱ ስብሰባውን ከየቤታቸው በስክሪን ስለሚከታተሉ የማይቆራረጥ የኢንተርኔት መሥመርን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ በአሮጌው የዓሣ ገበያ ደጃፍ የለጠፉትን ቃለ ጉባኤ እስካነበብኩበት እስካለፈው ዓርብ ድረስ ደህና ነበርኩ። በዚያ ቃለ ጉባኤ ሦስተኛ ገጽ ላይ «ተቃውሞ አቅራቢው ሚስተር ጄምስ ፍሌት በሞት ስለተለዩ» የሚል ቃል አገኘሁ። ጄምስ ፍሌት የእኔ ስም ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከወዲያኛው ዓለም እንደተጻፈ ቆጥረው፣ የእጅ ጽሑፌ ከመሥመር ቢወጣ በሟች ደንብ ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ስሜን አስቀድሜ ላስረዳ። በሦስት ዓመት የሰብሳቢነት ዘመንዎ ስድስት ጊዜ ያህል ስለጎበኙን ይህን ለማወቅ ጊዜ እንዳልነበረዎ እንረዳለን። በዚህ የስኮትላንድ ጠረፍ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል። አያቶቻችን ደግሞ በስም ረገድ ቆጣቢዎች ነበሩ። ከዚህ የተነሣ በወደባችን ከሚያድሩት ዐሥራ ዘጠኝ ጀልባዎች የዐሥራ አራቱ ባለቤት ጄምስ ፍሌት ይባላል። እንዳንጠፋፋ እያንዳንዳችን ቅጽል ስም አለን፤ ቅጽሉ በኢንሹራንሳችን ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ይሰፍራል፣ ስንሞትም ድንጋያችን ላይ ይቀረጻል። እኔ ጄምስ ፍሌት «ዳክዬ» ነኝ። የአያቴ አረማመድ የዳክዬ ስለነበረ እኔ ቀጥ ብዬ ብሄድም ስሙ አለቀቀኝም። ጎረቤቴ ጄምስ ፍሌት «ንጉሡ» ነው፤ በሕይወቱ እሱ ማንንም አዝዞ አያውቅም፣ እሱን ግን ሚስቱ ታዝዘዋለች። ሦስተኛው ጄምስ ፍሌት «ቆቡ» ነበር፤ የአባቱን የሱፍ ቆብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ የሚያወልቀው ቄሱ ሁለት ጊዜ ካሳሉ በኋላ ብቻ ነበር። ስለ እሱ «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ከታች ያገኙታል።

ቦርድዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለምናውቅ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በቦርዱ ከነበሩት ሰባት ወንበሮች አንዱ የእኛ ነበር። ደንቡ «ከዚህ ወደብ ወጥቶ ወደዚሁ ወደብ የሚመለስ ሰው» ይላል። በየዓመቱ በመረብ ማስቀመጫው ቤት ተሰብስበን እጅ እያወጣን የምንመርጠው ሰው ነው። ባለፈው የጸደይ ወራት ቦርድዎ ይህ ቃል አርጅቷል ብሎ «ለወደቡ ቅርበት ያለው ሰው» በሚል ሊለውጠው አሰበ፣ እስኪጸድቅም ድረስ ወንበሩን በጊዜያዊነት ለወይዘሮ ካሚላ ቶርንበሪ ሰጠ። ወይዘሮዋ ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልዋሽም። ቤታቸው ጀልባ ከምናስርበት መትከያ አርባ እርምጃ ነው፤ በነሐሴ ወር ሁለት ሳምንት ይቀመጡበታል፤ አትክልታቸው ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባ መልሕቅ አለ፣ አበባ ወጥቶበታል። በመጀመሪያ ስብሰባቸው ያነሡት ጥያቄ ጀልባዎቹ ጠዋት ሞተር ሲያስነሱ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ነበር። ቅርበትን በእርምጃ ስለለካችሁልን እናመሰግናለን፤ በዚሁ መለኪያ በገበያው ጣሪያ ላይ የሰፈሩት የባሕር ወፎች ከእሳቸው እንደሚቀርቡ ግን ለወደፊቱ ሹመት ይታሰብ።

ሁለተኛ። «ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» ብላችሁ ስለነበር አቀረብን። ዐሥራ አራት ጄምስ ፍሌቶች በየኩሽናችን ተቀምጠን ዐሥራ አራት ደብዳቤ ጻፍን። ንጉሡ ሦስት እሑድ ፈጅቶበታል፤ ከትምህርት ቤት ወዲህ እስክሪብቶ የጨበጠው ለፊርማ ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ መልስ መጣ። «የተከበሩ ሚስተር ፍሌት፣ በተደጋጋሚ ስለላኩልን ዐሥራ አራት ደብዳቤዎች እያመሰገንን፣ ቦርዱ እንደ አንድ ተቃውሞ መዝግቦ የያዛቸው መሆኑን እንገልጻለን። ወደፊት አንድ ደብዳቤ በቂ መሆኑን በአክብሮት እናሳስባለን» ይላል። በረዶ መሸጫው ቤት ደጃፍ ቆመን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ቆይ እንጂ፣ እኔ አንተ ነኝ ማለት ነው?» አለኝ ንጉሡ።

«እንደዚህ ይላል።»

«እንዲህ ከሆነማ» አለ ቆቡ፣ ቆቡን ወደ ኋላ እየገፋ፣ «ዛሬ ጠዋት ማናችን ነው ቁርስ የበላው? እኔ እንደሆንኩ ርቦኛል።»

ያን ቀን ሳቅን። አልዋሽዎትም፣ በጣም ነው የሳቅነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚለውን ነገር ያን ጊዜ ማሰብ ነበረብን።

ሦስተኛ። በሰኔ ወር «የትውውቅ ከሰዓት» አዘጋጅተው ስለጋበዙን ውለታዎን አልረሳንም። በዚያ ግብዣ ላይ ስለ ቀዩ ዓሣ ባደረጉልን ንግግር፣ እኛ ባሕር የምንወጣ ሰዎች መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለን በትክክለኛ ስሙ የማንጠራውን ያንን ዓሣ አራት ጊዜ በስሙ ጠሩት። እንዲህ ያለ ነገር በተባለ ቁጥር ብረት መንካት የአባቶቻችን ልማድ ስለሆነ፣ ዐሥራ አራታችንም በየጊዜው ተነሥተን በግድግዳው ላይ ያለውን የማሞቂያ ብረት እየነካን ተመለስን። በቃለ ጉባኤው ላይ «ተሳታፊዎች ለሕንፃው የማሞቂያ ሥርዓት ልዩ ፍላጎት አሳይተዋል» ተብሎ ተመዘገበ። ማሞቂያው በመስከረም ታደሰ። እስከ ዛሬ ካቀረብናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቦርድዎ ወዲያው የመለሰልን ይህንን ያልጠየቅነውን ብቻ ነው፣ ስለዚህም እናመሰግናለን።

አራተኛ። እዚህ ላይ ቀልድ ይከብደኛል፣ ሆኖም ትሕትናዬን ላለመልቀቅ እሞክራለሁ።

እንደሚያውቁት ወደባችን ሁለት ክፍል አለው፤ ውጪኛውና ውስጠኛው። በውስጠኛው ወደብ አፍ ላይ ሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ሲነሣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ የሚወርዱ ዐሥራ አንድ ወፋፍራም ግንዶች ነበሩ። ሳንቃው እንለዋለን። ሳንቃው ከወረደ በኋላ ውጭ ተራራ የሚያህል ሞገድ ቢመጣ እንኳ ውስጥ ያሉት ጀልባዎች እንደ በረት ከብት ይተኛሉ። በሐምሌ ወር ቦርድዎ ውስጠኛውን ወደብ ለመዝናኛ ጀልባዎች ሰጠ፣ እኛን ወደ ውጪኛው አወጣን፣ ሳንቃውንም ለመዝናኛ ጀልባዎቹ ቀለም አደገኛ ነው ብሎ አስነሣ። በቃለ ጉባኤው «ተቃውሞ ያቀረበ አባል የለም» ይላል። እውነት ነው፣ የለም። በዚያ ወንበር ላይ ከወደቡ የሚወጣ ሰው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አንድ እጅ ያወጣ ነበር፣ አንድ ዐረፍተ ነገርም ይናገር ነበር፦ «በሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ውጪኛው ወደብ ጀልባ አይይዝም።» ለዚህች ለአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው ወንበሩን የምንፈልገው። ሌላ የምንናገረው ብዙ የለንም።

ግንዶቹ እንዳይባክኑ አስጠርባችሁ በባሕር ዳሩ መንገድ ላይ ዐሥራ አንድ አግዳሚ ወንበር አሠርታችኋል፣ በየወንበሩም «የወደባችን ቅርስ» የሚል የነሐስ ጽሑፍ አለ። አንድ ወንበር ወስዳችሁ ዐሥራ አንድ ስለሰጣችሁን ማንም ስስታም ሊላችሁ አይችልም።

በኅዳር ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ብርሃን እንደሆነ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረ። ሁላችንም ወርደን ገመድ እየጨመርን ነበር። የቆቡ ጀልባ ከእኔው ቀጥሎ ነው የታሰረው። ሦስተኛ ገመድ ሊያስር በጀልባውና በግድግዳው መካከል ባለው መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። «ዳክዬ፣ ይቺን ያዝልኝ» ብሎ የገመዱን ጫፍ ወረወረልኝ። ያዝኩት። በዚያው ቅጽበት በወደቡ አፍ የገባው ሞገድ ጀልባውን አንሥቶ ወደ ግድግዳው መለሰው፣ እሱም በመካከል ነበረ። ከእኔ እስከ እሱ ዐሥር እርምጃ አይሆንም። ጮኸ ለማለት አልችልም፣ አልሰማሁም። ወደ አበርዲን ሆስፒታል የወሰደው መኪና መንገዱን ሳያጋምስ ቆቡ አረፈ። ገመዱ እጄ ላይ ነበር፤ ሌሊት ስነቃ አሁንም እጄ ላይ ነው።

ከሳምንት በኋላ በመትከያው ላይ «ጥንቃቄ፦ በማዕበል ጊዜ ከጀልባ አጠገብ አይቁሙ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ አቆማችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻው ግን ቢያንስ ጅቡን ያውቀዋል። ሰሌዳው ከየት ቆመን ጀልባችንን እንደምናስር ስላልነገረን ሁለተኛ ሰሌዳ እንጠብቃለን።

አምስተኛ። ቅዳሜ ቀበርነው፣ ሰኞ ከቦርድዎ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ሚስትን በባሏ ስም እየጠራ «ለወይዘሮ ጄምስ ፍሌት» ይላል። የመጣው ወደ እኔ ቤት ነው። ባለቤቴ ዊልሚና ከፈተችው፤ እኔ በገበታው ማዶ የአጃ ገንፎዬን እየበላሁ ነበር። አንብባ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የቦርዱ ነው። ሞተሃል።»

«መቼ?»

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ደብዳቤውን አጥፋ ቢላዋዎቹ በሚቀመጡበት መሳቢያ ከተተችው፣ ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ ጊዜ መስኮቱ ጋ ቆመች። ዊልሚና ስታለቅስ ትከሻዋ አይንቀሳቀስም፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬያት ስለኖርኩ ነው ያወቅኩት። ስለ ደብዳቤው ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም። ማቃጠሉም እንደ ጥፋት ሆነባት፤ የሟች ሐዘን ያለበት ወረቀት ነው፣ የእኛ ባይሆንም።

አሁን ስለራሴ ጥፋት ልናገር፣ ቦርዱ ብቻውን እንዳይሸከም። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበረው። ዊልሚና የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያነበበችው፣ እኔ ደግሞ አንዱንም አላነበብኩም። ያለፈው ዓርብ ቃለ ጉባኤውን ካነበብኩ በኋላ ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሁለተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «በደንባችን ክፍል ዐሥራ አንድ መሠረት የሟች ተቃውሞ ለወራሹ ይተላለፋል። ባለቤትዎ ያቀረቡትን ተቃውሞ ለመቀጠል ከፈለጉ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ያሳውቁን። መልስ ካልደረሰን ወይም ተቃዋሚው በውሳኔው ሰዓት በአዳራሹ ካልተገኙ ተቃውሞው እንደተተወ ይቆጠራል።» ሃያ አንዱ ቀን የሚያልቀው የፊታችን ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ቦርዱ ስለ ወንበሩ የመጨረሻ ድምፅ የሚሰጠውም በዚያው ሰዓት ነው። እንግዲህ ዐሥራ አራት ሰው አንድ ሆነ፣ አንዱ ሞተ፣ የመበለቲቱ ወረቀትም ባሏ በሕይወት ካለ ሴት መሳቢያ ውስጥ ቢላዋ ሥር ተኛ። ተንኮል ነው ብዬ አልከስስም። ተንኮል ለመሥራት እኮ ማን ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚያው ቀን ደብዳቤውን ይዤ ወደ ቆቡ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ኤልስፔት ጓሮ ውስጥ የሸርጣን ወጥመዶቹን ገመድ እየፈታች ነበር፤ ለማን እንደምትፈታው አልጠየቅኳትም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበችና መለሰችልኝ።

«ይሄ ለኔ አይደለም» አለች።

«ላንቺ ነው እንጂ ኤልስፔት። ተሳስተው ወደኛ ልከውት ነው።»

«ስሙ የለበትማ፤ የኔ ሰው ቆቡ ነው። ጄምስ ፍሌትማ ሞልቷል፣ አንተም አለህ።»

ሁለተኛውን ገጽ ሰጠኋት። ያንን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው ያልከኝ?»

ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤዬን ወደ መዝጋቱ ስለሆንኩ ጥቂት ይታገሡኝ። ዐሥራ ሦስታችን ንጹሕ ልብሳችንን ለብሰን፣ እያንዳንዳችን መታወቂያችንን ይዘን፣ በአንድ ላይ በበርዎ ልንገባና እንዲቆጥሩን ልንጠይቅ ወስነን ነበር። ንጉሡ ከረቫት ተውሷል። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት የወጣው የአየር ትንበያ ሐሙስ ከንጋት ጀምሮ ብርቱ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ እንደሚነሣ ይናገራል፣ ባሕሩም ሞልቶ ጫፍ የሚደርሰው ልክ አራት ሰዓት ላይ ነው። ባሕር በቃለ ጉባኤ አይመራምና ቀጠሮ ቀይርልን ልንለው አልቻልንም። እናንተ ደግሞ ቀጠሮ እንደማትቀይሩ ጸሐፊዎ ስልክ ላይ በትሕትና ነግረውኛል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ዐሥራ ሦስታችን ቆቡ በቆመበት ቦታ ገመድ ይዘን እንቆማለን። ጀልባውን ትተን ብንመጣ የምንበላው ይሰበራል፤ ባንመጣ ወንበሩ ይሄዳል፣ ከወንበሩም ጋር ሳንቃው የሚመለስበት ተስፋ።

ፈርቻለሁ። ይህን በጽሑፍ ላይ ማስፈር በእኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ሆኖም ሟች አያፍርም።

ታዲያ የቦርድዎን ሒሳብ ደግመን ደጋግመን ስናየው በጣም ወደድነው። ቦርዱ ዐሥራ አራታችን አንድ ሰው ነን ብሏል፣ በማኅተም። ያ አንድ ሰው ሞቷል ብሏል፣ በማኅተም። የሟች ተቃውሞም ለወራሹ ይተላለፋል ብሏል። እንግዲያው በቦርዱ ሒሳብ በዚህ ወደብ አንዲት መበለት አለች፣ ያችም መበለት የዐሥራ አራት ደብዳቤ ወራሽ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ እኛ ሞኞቹ ወረቀቱን ይዘናል። ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ወይዘሮ ኤልስፔት ፍሌት ደረጃውን ወጥታ ትመጣለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ከዚህ ወደብ ወጥቶ ወደዚሁ ወደብ የሚመለስ ሰው» የሚለው ቃል በቦታው እንዲቆይ። «የሚመለስ» የሚለውን ቃል እንድታብራራላችሁ ከፈለጋችሁ ታብራራለች። የሐዘን መግለጫችሁንም ይዛ ስለምትመጣ ስሙን በእጅዎ እንዲጽፉበት በአክብሮት እንለምናለን፤ ቆቡ፣ ሁለት ፊደል ነው።

የስብሰባው አዳራሽ መስኮት ወደ ውጪኛው ወደብ ስለሚያይ፣ መጋረጃው እንዲገለጥና የአዳራሹ ካሜራ በስክሪን ለሚሰበሰቡት አራት አባላት ለጥቂት ጊዜ ወደ መስኮቱ እንዲዞር ብትፈቅዱ ውለታችሁ አይረሳንም። የምታዩት አንድ ሰው ነው፤ ዐሥራ ሦስት ቦታ ላይ ቆሞ።

ጥልቅ የሆነውን አክብሮቴን፣ ለታደሰው ማሞቂያ፣ ለዐሥራ አንዱ አግዳሚ ወንበርና ለቢጫው ሰሌዳ ካለኝ የማይነጥፍ ምስጋና ጋር አቀርባለሁ፤ በማኅተም ሟች፣ በገመድ ነዋሪ የሆንኩት ታዛዥዎ፣

ጄምስ ፍሌት «ዳክዬ»
ስለ ራሴና እንደ እኔው በቃለ ጉባኤ ስላረፉት ስለ ዐሥራ ሁለቱ ጄምስ ፍሌቶች

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ነፋሱ ከትንበያው በርትቶ ከእኛ አንዱ ሳይመለስ ቢቀር፣ የሐዘን መግለጫውን ለየትኛዋ ሚስት እንደምትልኩ እንዳትቸገሩ፣ የዐሥራ ሦስታችንን ቅጽል ስምና የቤት ቁጥር በፊደል ተራ ጽፈን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።